ጅራት የሌለው «ጊንጥ»

ጥያቄ፦ ግቢያችን ውስጥ የወደቀ ዋንዛ አለ። ባለፈው ሳምንት ለማገዶ ስንፈልጠው ከቅርፊቱ ሥር ጥቃቅን ጊንጦች ወጡ። መቆንጠጫ አላቸው፤ ጅራት ግን የላቸውም። እናታቸው እዚያው ትኖራለች ብለን ፈራን። ልጆቼ ከግንዱ ላይ አይጠፉም። ባለቤቴ «ጋዝ አርከፍክፌ ላቃጥለው» እያለ ነው። ምን ይሻላል? ከዘጌ

መልስ፦ እህቴ፣ ጋዙ ይቆይ። ያያችሁት የጊንጥ ልጅ አይደለም። የጊንጥ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ጅራት አለው፤ የመጀመሪያ ቀናቱንም እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ነው የሚያሳልፈው። የእናንተዎቹ ሐሰተኛ ጊንጦች ናቸው፤ በሳይንስ ስማቸው ሱዶስኮርፒዮን። እንደ ሸረሪትና እንደ መዥገር ስምንት እግር አላቸው። በዓለም ላይ ከ3,000 በላይ ዝርያዎቻቸው ይታወቃሉ።

እኔም እዚህ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ከወደቀ የሾላ ግንድ ላይ አንዱን አግኝቼ ነጭ ሳህን ላይ አስቀምጬው ነበር። የፎገራ ሩዝ ፍሬ ግማሽ ቢያክል ነው። ጠፍጣፋ፣ ቡናማ። በስንደዶ ጫፍ ነካ ሳደርገው መቆንጠጫዎቹን ሰብስቦ ሮጠ፤ የሮጠው ደግሞ ወደ ኋላ ነው! በአጉሊ መነጽር ሳየው መቆንጠጫው ላይ ረጃጅም ቀጫጭን ፀጉሮች አሉት። አየሩ ትንሽ ሲንቀሳቀስ በነሱ ያውቃል። ቅርፊት ሥር ጨለማ ስለሆነ ጥቃቅን ነፍሳትን አድኖ የሚይዘው በዚህ ነው። ጭራሽ ዓይን የሌላቸው ዝርያዎችም አሉ።

መርዝስ? ብዙዎቹ መቆንጠጫቸው ውስጥ አላቸው፤ ግን ለጥቃቅን ነፍሳት እንጂ ሰውን አይጎዳም። እንጨትም አይበሉም።

እኔን የምትገርመኝ እናትየዋ ናት። እንቁላሎቿን ሆዷ ሥር በተጣበቀ ከረጢት ይዛ ትዞራለች፤ ከራሷ በሚወጣ ፈሳሽም ትመግባቸዋለች። ብዙዎቹ ለዚህ ጊዜ ከመንጋጋቸው ክር አውጥተው ትንሽ ጎጆ ይሠራሉ። ቅርፊቱ ሥር ነጭ፣ ክብ ነገር ካያችሁ እሱ ሊሆን ይችላል፤ አትቅደዱት። ክንፍ ስለሌላቸው ሌላ ግንድ ጋ የሚደርሱት የዝንብ ወይም የጢንዚዛ እግር ቆንጥጠው በመሳፈር ነው። ኤሊንግሴኒየስ የሚባለው ወገን ደግሞ አፍሪካ ውስጥ ከንብ ጋር ቀፎ ውስጥ ይኖራል።

የምትፈልጉትን ያህል ፍለጡ፤ ከቅርፊቱ ጥቂቱን ግን ቡናው ጥላ ሥር ተዉላቸው። ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ግንዱ ሥር እንዳይሰዱ ተቆጧቸው፤ ባለ ጅራቱ ጊንጥም እንዲህ ያለ ቦታ ይወዳል።