አክስቴ ሙሾ በማውረዷ በደለች?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከቢቸና ነው የምጽፍልዎ። ወንድሜ ታሞ ካረፈ ሁለት ሳምንቱ ነው። ገበሬ ነበር። ለቅሶው ላይ አክስቴ እንዲህ ብላ ሙሾ አወረደች፦

«ሞፈርና ቀንበር ቆመዋል ከደጅ፣
በሬው ይጠይቃል፣ የት ሄደ ያ ልጅ።»

አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ «ክርስቲያን ሙሾ አያወርድም፣ ኃጢአት ነው» ብሎ አስቆማት። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ዝም ብላለች። እኔ ደግሞ ጥቁር አሜሪካውያን በባርነት ዘመን የዘመሯቸውን መዝሙሮች በስልኬ እሰማለሁ። እነሱም ስለ ሞትና ስለ መከራ ናቸው። የነሱ መዝሙር ተብሎ የኛ እንዴት ኃጢአት ይሆናል?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የወንድምሽንም ነፍስ ይማር።

ያ ልጅ ክፉ አይመስለኝም። ግማሽ ጥቅስ ይዞ ነው የመጣው። ይህን ግማሽ ጥቅስ በየለቅሶው ስሰማው ኖሬአለሁ። «ጳውሎስ አትዘኑ ብሏል» ይላሉ። መቼ አለ? ያለውማ «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ነው (1ኛ ተሰ. 4፥13)። የኋላውን ብቻ ቆርጠሽ ይዘሽ የፊቱን ከጣልሽው፣ ሐዘንተኛውን በሐዘኑ ላይ ኃጢአተኛ አደረግሽው ማለት ነው። ጌታችን እንኳ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል።

ዳዊትን ደግሞ እይው። ሳኦልና ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ ሲወድቁ ያደረገው ሙሾ ማውረድ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የዮናታንን ቀስት፣ የሳኦልን ሰይፍ እያነሣ አለቀሰ። 2ኛ ሳሙኤል 1ን ከቁጥር 19 እስከ 27 በጣትሽ እየተከተልሽ አንብቢ፤ የእግዚአብሔር ስም አንድ ቦታ እንኳ አይገኝም። እንዲያም ሆኖ የይሁዳ ልጆች ይማሩት ተባለ። ዳዊት ተራራውን ዝናብና ጠል አይውረድብህ ብሎ ረገመ፤ አክስትሽ በሬውን አስጠየቀች። የአክስትሽ ይለዝባል!

የምትሰሚያቸው መዝሙሮች ድንቅ ናቸው። እነዚያ ሰዎች «ዮርዳኖስን መሻገር» ሲሉ ሞትንም ነጻ መውጣትንም ባንድ ቃል ይዘው ነበር። የኛ የጎጃም ቅኔ ተማሪ ሰምና ወርቅ የሚለው ነው። ጌታው ሰሙን ሲሰማ ወርቁ ለባሪያው ይቀራል። ዜማው የማን አገር ነው፣ በምን መሣሪያ ተዜመ ብሎ መጨነቅ ለኔ ከንቱ ድካም ነው። ቃሉ ሰሚውን ወዴት ይወስደዋል? እኔ የምጠይቀው ይህን ነው።

እዚህ ላይ ጠንከር ልበል። አንድ ጊዜ በእርሻ ድንበር ጠብ የተገደለ ሰው ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ነበር። አልቃሿ መጀመሪያ ስለ ደግነቱ አወረደች፤ ሁላችንም አለቀስን። ቀጥላ «ጠመንጃው ዛገ፣ ወንድም የለውም ወይ?» አለች። ታናሽ ወንድሙ አጠገቤ ነበር፤ ገና ጢም አላወጣም። እፍኙ ላይ የነበረው ንፍሮ መሬት ፈሰሰ። አላነሣውም። ተነሥቼ ሴትዮዋን አስቆምኩ። ልጁን ያን ሌሊት እኔ ዘንድ አሳደርኩት፤ ለካ ሳይተኛ ነው ያነጋው። «በቀል የእኔ ነው» ያለው እግዚአብሔር ነው (ሮሜ 12፥19)። ለሟች እያለቀሱ ሌላ ሟች የሚጠሩበትን ሙሾ የትኛውም ለቅሶ ላይ አስቆማለሁ። ፊት መንጨትም እንዲሁ፤ ኦሪትም ከልክሎታል።

ያንቺ አክስት ግን ማንን ጠራች? በሬ ነው የጠራችው።

ከአርባው በፊት ሂጂና አጠገቧ ተቀመጪ። እኔ እንደላክሁሽ ንገሪያት። «ያንን የበሬውን ቀጥይልኝ» በያት። በሬው ጠይቆ መልስ ሳያገኝ ነው ያቋረጧት።