የኦፕን ሶርስ ጥያቄና መልስ፦ ከመጀመሪያው ፓች እስከ ዝምታው

ዛሬ ማታ ስለ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ተሳትፎ የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። አንድ አደራ፦ በውስጥ መስመር አትጠይቁኝ። እዚህ የተጠየቀ ነገ ለሚመጣውም ይጠቅማል፤ እዚያ የተጠየቀ እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ ኦፕን ሶርስ ላይ መሳተፍ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ በየቀኑ ከምትጠቀምበት ሶፍትዌር። የትኛው እንደሆነና ምን እንዳስቸገረህ ጻፍልኝ፤ ያኔ እንነጋገራለን።

ጥያቄ፦ ለሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) የመጀመሪያ ፓቼን፣ ማለትም የኮድ ማስተካከያዬን፣ ልልክ ነው። ምን ላይ ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው! ከርነሉ ፓች የሚቀበለው በኢሜይል ነው፤ ጊትሀብ ድረ ገጽ ላይ ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን ተቀበሉ የሚል ጥያቄ) ብትከፍት የሚያይልህ የለም። ለውጡን በጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው) ኮሚት ስታደርግ፣ ማለትም ስትመዘግብ፣ «ጊት ኮሚት ሰረዝ ኤስ» (git commit -s) ብለህ የፊርማውን መስመር አስገባ። ኮዱን ለመስጠት መብት እንዳለህ የምታረጋግጠው በእሱ ስለሆነ ያለ ፊርማ አይቀበሉህም። ርእሱ ከ75 ፊደል አይለፍ፤ የማብራሪያውንም መስመር 75 ላይ ስበረው። ከዚያ የአጻጻፍ ስህተት የሚፈትሸውን «ቼክፓች» የሚባለውን ስክሪፕት አስኪድ። ለማን እንደምትልክ «ጌት ሜንቴነር» የሚባለው ስክሪፕት ይነግርሃል። «ጊት ፎርማት-ፓች» ፋይሉን ያወጣልሃል፣ «ጊት ሴንድ-ኢሜይል» ይልከዋል። ጂሜይልን በብራውዘር ከፍተህ ኮዱን እንዳትለጥፍ! ታቡን ወደ ስፔስ ይቀይረዋል፣ ረጅሙን መስመር ይሰብረዋል፤ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ፓቹ አልገባም ይላል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን ማብራሪያው ላይ ነው። «ባግ ተስተካከለ» ማለት ምንም አይነግርም። እንዲህ በል፦ «ፋይሉ መከፈት ሲያቅተው ፈንክሽኑ የያዘውን ሜሞሪ ሳይለቅ ይመለሳል። ስለዚህ ከመመለሱ በፊት ይልቀቅ።» ምን ተበላሸ፣ ለምን፣ በምን ተስተካከለ፤ ሦስቱም አሉበት። ከዓመታት በኋላ ያንን መስመር በ«ጊት ብሌም» (መስመሩን ማን እንደቀየረው በሚያሳየው ትእዛዝ) የሚከፍት ሰው አንተን ፈልጎ ላያገኝህ ይችላል፤ ማብራሪያህን ግን ያገኛል። እውቀት ማካፈል የምለው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ ከላክሁ 4 ቀን ሆነኝ፤ ዝም አሉኝ። ንቀውኝ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የከርነሉ መመሪያ ራሱ ከማስታወስህ በፊት ቢያንስ 1 ሳምንት ጠብቅ ይላል፤ 2 ወይም 3 ሳምንት መቆየቱም የተለመደ ነው። ሲያልፍ እዚያው ኢሜይል ሥር በአንድ መስመር አስታውሳቸው።

ጥያቄ፦ ያለ ክፍያ ሰው ሲረዱ የሚውሉት ምን አግኝተው ነው?

መልስ፦ ካሪም ላካኒና ኤሪክ ቮን ሂፕል የተባሉ ተመራማሪዎች የአፓቺ ዌብ ሰርቨር (ድረ ገጽ የሚያቀርብ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር) ተጠቃሚዎች እንዴት እንደሚረዳዱ አጥንተው በ2003 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። መላሾቹ ከሚያውሉት ጊዜ 98 በመቶው ለራሳቸው ትምህርት የሚሆን ነው፤ የሌላውን ጥያቄና መልስ ማንበብ ማለት ነው። መልሱን መጻፍ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ቀድመው ያውቁታልና። በውስጥ መስመር አትጠይቁ የምለውም ለዚህ ነው፦ የሚነበብ ከሌለ መላሹም አይማርም።

አንድ አባል፦ ትምህርት ብቻውን ሰው አያቆይም። ሽልማት ቢኖር ብዙ ሰው ይመጣ ነበር።

ሌላ አባል፦ መጥቶ ታይቷል እኮ። በ2020 እ.ኤ.አ. ሀክቶበርፌስት የሚባለው የኦክቶበር ወር የኦፕን ሶርስ ዘመቻ 4 ፑል ሪኩዌስት ላቀረበ ቲሸርት ይሰጥ ነበር። ሪድሚ ፋይል (የፕሮጀክቱ መግለጫ) ላይ አንድ ቅጽል ጨምሮ የሚልከው በዛና ፕሮጀክቶቹ ተጨናነቁ። ወሩ ገና እንደጀመረ ፈቃደኛ በሆኑ ፕሮጀክቶች ብቻ እንዲወሰን ተደረገ።

የመጀመሪያው፦ ቲሸርትና ደሞዝ አንድ አይደሉም! ኤክስዚን (ፋይል የሚያምቅ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር) ብቻውን ይዞ የነበረው ሰው ተከፍሎት ቢሆን ኖሮስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ልግባ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የምታወሩት ግን ስለ ሁለት ነገር ነው። ቲሸርቱ የቆጠረው ብዛትን ነው፤ ደሞዝ የሚገዛው ጊዜ ነው። ኤክስዚ ላይ ማንነታቸው ያልታወቀ አካውንቶች «ዘገየህ፣ ለሌላ ልቀቅ» እያሉ የደከመውን ሰው ወተወቱት። ረዳት መስሎ የገባው አካውንትም 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ላይ የጓሮ በር፣ ማለትም ስውር መግቢያ፣ ከፈተ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር የኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በርቀት መግቢያ) ሎጊን በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን ተከታትሎ በማርች 29፣ 2024 ይፋ አደረገው። ስለዚህ 4 ቀን ዝም አሉኝ ያልከው ወንድሜ፣ እባክህ አትወትውታቸው።

ጥያቄ፦ ሊብሬኦፊስን (ነፃ የቢሮ ሶፍትዌር) ወደ አማርኛ መተርጎም እችላለሁ?

መልስ፦ አዎ፣ ዌብሌት በሚባለው የመተርጎሚያ ድረ ገጽ በኩል። በጽሑፉ መሀል የፐርሰንትና የዶላር ምልክት ያለባቸውን ኮዶች እንዳሉ ተዋቸው። ቃላቱንም ለዩ፦ መተውን (ካንስል) «ሰርዝ» ካላችሁ መደምሰስን (ዲሊት) «አጥፋ» በሉ። ሁለቱም ቁልፍ «ሰርዝ» ከሆነ ሰው ፋይሉን ያጣል።

ጥያቄ፦ ደሞዙ ስንት ይደርሳል?

መልስ፦ ይህን ቀጣሪ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ለጀማሪ ከየት ይጀመራል?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ጥያቄ፦ ፓይተን ላይብረሪ መጫን እምቢ ብሎኝ በውስጥ መስመር ጽፌልህ ነበር፤ አላየኸውም?

መልስ፦ አይቼዋለሁ፤ እዚህ አምጣው። የፓይተኑን ቨርዥን፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተምህን፣ የጻፍከውን ትእዛዝና ኤረሩን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ለጥፍ። ፎቶ አንስተህ አትላክ፤ ከፎቶ ላይ ኮፒ አድርጎ መፈለግ አይቻልም።