ጀምሬ የማልጨርሰው የዕቁብ መተግበሪያ

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጆች፦

የ29 ዓመት ወጣት ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ፕሮግራሚንግ የተማርኩት በራሴ ነው። ፓይተን ደህና አድርጌ እጽፋለሁ፣ ፍላተር የሚባለውን የስልክ መተግበሪያ መሥሪያም ጀማምሬያለሁ። ካለፈው መስከረም ወዲህ ጎን ለጎን የዕቁብ መተግበሪያ እየሠራሁ ነው። ሐሳቡ የመጣልኝ ከሰፈራችን ዕቁብ ነው። 24 ዕጣ አለው፣ በየእሑዱ 500 ብር ይጣላል፣ ጸሐፊዋ ሁሉንም በደብተር ይይዛሉ። ማን ጣለ፣ ማን ቀረ የሚል ጭቅጭቅ አይጠፋም።

መጀመሪያ ሰሞን እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አመሽ ነበር። የመግቢያ ገጹን፣ አርማውንና የጨለማ ገጽታውን ጨርሻለሁ። ከዚያ «ሪአክት ኔቲቭ ይሻላል» ሲሉኝ እንደ አዲስ ጀመርኩት፤ ቆይቼ ወደ ፍላተር ተመለስኩ። ከቴሌብር ጋር ላገናኘውም አስቤ ነበር። አሁን ላፕቶፑን ስከፍት ከየት እንደምቀጥል ይጠፋኛል። ትንሽ ነካክቼው ዩቲዩብ ላይ ራሴን አገኘዋለሁ። ሌሊት 11 ሰዓት እየተነሣሁ ለመሥራት ሞክሬ ሳምንት እንኳ አልዘለቅኩም። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ጭራሽ አልነካውም። ለጓደኞቼ ሁሉ ስላወራሁ «የት ደረሰ?» ባሉኝ ቁጥር እሸማቀቃለሁ። ዲሲፕሊን ከየት ነው የሚመጣው? ወይስ ብተወው ይሻለኛል?

ጅምር የበዛበት፣ ከአዲስ አበባ

ምላሽ

ወንድማችን፣ ጨርሻቸዋለሁ ያልካቸውን ነገሮች መለስ ብለህ ተመልከት፦ የመግቢያ ገጽ፣ አርማ፣ የጨለማ ገጽታ። ጸሐፊዋ እሑድ ዕለት ከእነዚህ አንዱም አያስፈልጋቸውም። እስካሁን የደከምክበት ሥራ ለማንም አልደረሰም፤ ስለዚህ ለአንተም የሚመልስልህ ነገር የለም። ፍላጎትህ የነጠፈው በስንፍና ሳይሆን በዚህ ነው። የሌሊት 11 ሰዓቱ ሙከራ የከሸፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማንም የማይጠብቀውን ነገር ለመሥራት እንቅልፍን መቁረጥ ብዙ አያስኬድም።

መጀመሪያ ሥራውን ቆርጠህ አሳንሰው። ጸሐፊዋ እሑድ ሦስት ነገር ይሠራሉ፦ የጣለውን ምልክት ያደርጋሉ፣ ያልጣለውን ለይተው ይጠራሉ፣ ዕጣ የወጣለትን ይጽፋሉ። አንተም ከእነዚህ ሦስት ውጭ ምንም አትሥራ። የይለፍ ቃል ይቅር። ቴሌብርም ይቅር፤ ክፍያ ማገናኘት ከኮዱ ባሻገር ውልና ምዝገባ ያለበት ጉዳይ ነው፣ የሰው ገንዘብ በአንተ በኩል ማለፍ ከጀመረ ደግሞ ተጠያቂነቱ ሌላ ነው። ገንዘቡ እንደ ድሮው በዳኛው እጅ ይሁን፤ ያንተ ፕሮግራም መዝገብ ብቻ ይሁን።

ለጊዜው መተግበሪያ መሥራቱንም አቁምና የቴሌግራም ቦት ሥራ፤ ቴሌግራም ውስጥ ለመልእክት ራሱ የሚመልስ ፕሮግራም ማለት ነው። መተግበሪያ ጉግል ፕሌይ ላይ ለማውጣት አንዴ የሚከፈል 25 ዶላር አለ፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 13 ቀን 2023 በኋላ በተከፈተ የግል አካውንት ከሆነ ደግሞ ለሕዝብ ከመልቀቅህ በፊት ቢያንስ 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት በሞካሪነት መመዝገብ አለባቸው። ብዙ የጎን ሥራ አልቋል ከተባለ በኋላ የሚሞተው እዚህ መሰናክል ላይ ነው። ለቦት ግን ቦት የሚፈጠርበትን የቴሌግራም አካውንት፣ ቦትፋዘርን፣ ከፍተህ «ኒውቦት» የሚለውን ትእዛዝ ትሰጣለህ፣ ስም ታወጣለታለህ፣ ቶክን፣ ማለትም ቦቱን የሚያዝ የሚስጥር ጽሑፍ፣ ትቀበላለህ፤ በቃ። ቶክኑን ኮዱ ውስጥ ጽፈህ ኮድ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ ጊትሀብ ላይ እንዳትጭን። ካመለጠህ እዚያው ቦትፋዘር ላይ ሰርዘህ አዲስ አውጣ።

ፓይተን ትችላለህ፤ ሌላ ቋንቋ አያስፈልግህም። መረጃውን ኤስኪውላይት በሚባለው የመረጃ ቋት ያዘው፣ አንድ ፋይል ነው። ቦቱ አዲስ መልእክት እንዳለ ራሱ ቴሌግራምን እየጠየቀ እንዲያመጣ ካደረግከው፣ ሎንግ ፖሊንግ የሚሉት ማለት ነው፣ ሰርቨር መከራየት ሳያስፈልግ እሑድ ለሁለት ሰዓት ላፕቶፕህ ላይ ይሠራል። መሐል ላይ መብራት ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ ቴሌግራም ያልደረሱትን መልእክቶች እስከ 24 ሰዓት ያቆይልሃል።

የምትገተርባቸውን ቦታዎች ከወዲሁ እወቃቸው። ሰው «ሰለቸኝ» የሚለው ብዙውን ጊዜ ያልገባው ስሕተት ላይ ሲደርስ ነውና።

አንደኛው ግማሽ ዕጣ ነው። ሁለት ሰው አንድ ዕጣ ይካፈላል፣ አንዱ ደግሞ ሁለት ዕጣ ይይዛል። ሰውን እንደ ዕጣ ከቆጠርክ ሒሳቡ መቼም አይገጥምልህም። ሰዎችን ለብቻ፣ ዕጣዎችን ለብቻ፣ ክፍያዎችን ለብቻ በሦስት ሠንጠረዥ ያዝ፤ የትኛው ሰው ከየትኛው ዕጣ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው የሚያገናኝ አራተኛም ጨምርበት። ከዚያ የሁሉም ክፍያ ተደምሮ 12,000 ብር መምጣት አለበት፤ ካልመጣ ቦቱ ይናገር። የሒሳብ ሰው ስለሆንክ ይህን ለአንተ ማስረዳት አያሻንም።

ሁለተኛው ብዙዎችን ሙሉ ምሽት የሚበላ ነው። ቴሌግራም ላይ ከሚጫን ቁልፍ ጀርባ የምታስቀምጠው መረጃ ከ64 ባይት መብለጥ አይችልም። አንድ የግእዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ 21 ፊደል ላይ ያበቃል። «ጣለ» የሚለውን ቃል፣ ዙሩንና የአባል ስም ከነአባት ከነአያት አንድ ላይ ካስገባህ አንዳንዱ ቁልፍ ይሠራል፣ አንዳንዱ እምቢ ይላል፤ መንስኤው ግራ ያጋባሃል። ስም ሳይሆን የዕጣውን ቁጥር አስገባ። ስም ማስጻፍም አያስፈልግህም፤ አንዱ «ኃይሉ» ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ስለሚጽፍ ከዝርዝር ይመረጥ።

ሦስተኛው ቀን ነው። ክፍያን በቀን ሳይሆን በዙር ቁጥር መዝግበው፦ ዙር 7፣ ዕጣ 13፣ ተከፍሏል። ቀኑ ለማሳያ ብቻ ይሁን። ያንተ ዕቁብ ሳምንታዊ ስለሆነ ጳጉሜን አያስቸግርህም፤ ወርኃዊ ዕቁብ ሲመጣ ግን ጳጉሜን ይጣላል ወይስ አይጣልም የሚለውን ዳኛውን መጠየቅ እንጂ በኮድ መገመት አይሆንም። የቀን መቀየሪያህን በሁለት ቀን ፈትነው፦ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ላይ፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11፣ 2024 ላይ መዋል አለበት። አንዱን አልፎ ሌላውን የሚስት ከሆነ ስድስት ቀን ያላትን ጳጉሜን አልቆጠርክም ማለት ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 2:30 እስከ 3:45፣ ቅዳሜ ጠዋት ከ3:00 እስከ 5:30 ያዝ። በሳምንት 5 ሰዓት ነው፤ ደመወዝ ለሚጠብቅ ሰው ከዚህ በላይ ማቀድ አያዋጣም። የቀረ ቀን አይካካስም። ማክሰኞ ዘመድ መጥቶ ቢያልፍህ ሐሙስ ሁለት ሰዓት ተኩል ልሥራ አትበል፤ ዕዳው እየተከመረ ሄዶ ላፕቶፑን መክፈት የሚያስፈራህ በዚህ መንገድ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመጨረሻው 10 ደቂቃ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ የያዝከው ባያልቅም አቁም፤ የሠራኸውን ኮሚት አድርግ፣ ማለትም የደረስክበትን መዝግበህ አስቀምጥ፤ ከዚያ ቀጣዩን እርምጃ ኮዱ አናት ላይ ጻፈው። «ዝርዝሩን መጨረስ» ብለህ ከጻፍክ ሐሙስ እንደገና ከየት ልጀምር ማለትህ አይቀርም። «ያልጣሉትን ከመረጃው የሚያወጣው ትእዛዝ ግማሽ ዕጣ ያላቸውን ሁለቴ እየቆጠረ ነው፤ ከሰዎች ሳይሆን ከዕጣዎች ሠንጠረዥ እንዲነሣ አድርግ» ብለህ ከጻፍክ ግን ቁጭ እንዳልክ እጅህ ሥራ ያገኛል። ዩቲዩብ የሚገባብህ ያንን የመጀመሪያ 5 ደቂቃ ባዶ ስታገኘው ነው።

መብራት ለሚጠፋበት ምሽት ወረቀት ላይ የሚሠራ ሥራ ለይተህ አስቀምጥ፦ ቦቱ የሚናገራቸው የአማርኛ መልእክቶች፣ የ24ቱ ዕጣ ዝርዝር ከነግማሾቹ፣ መፈተኛ የሚሆኑ ምሳሌዎች። የፓይተን ሰነድም ወርዶ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል።

መሣሪያ መቀየርን በሚመለከት ሕጉ አጭር ይሁን፦ የያዝከው መሣሪያ ጸሐፊዋ የፈለጉትን የትኛውን ነገር እንደከለከለህ በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻልክ አትቀይርም። «ፈጣን ነው»፣ «ዘመናዊ ነው» አይቆጠርም፤ 24 ዕጣ በየትኛውም ቋንቋ ፈጣን ነው። አዲስ ሐሳብ ከመጣ «ለኋላ» በሚል ገጽ ላይ ይጻፍና ዕቁቡ አንድ ጊዜ ዙሩን ጨርሶ እስኪፈርስ እዚያው ይቆይ።

ለጓደኞችህ ማውራቱን ለጊዜው አቁም። አድናቆቱን ሥራው ሳያልቅ ተቀብለህ ጨርሰሃል፤ የቀረህ ጥያቄው ብቻ ነው። ከእነሱ ይልቅ ለጸሐፊዋ «በሦስተኛው እሑድ አንድ ነገር አመጣልዎታለሁ፤ ከደብተርዎ ጎን እንሞክረዋለን» በላቸው። ሦስት ሳምንት 15 ሰዓት ነው፤ ሦስቱን ተግባር ለመሥራት ይበቃሃል፤ ለአርማ ግን አይተርፍም። የመጀመሪያዎቹን አራት እሑዶች ደብተሩና ቦቱ አብረው ይሂዱ፤ ከተለያዩ የሚታመነው ደብተሩ ነው። አጠገባቸው ቁጭ በልና የት እንደሚያቅማሙ ዝም ብለህ ተመልከት፤ «እዚህ ይጫኑ» ካልክ ጉድለቱን አታየውም። ለማክሰኞ የሚሆን ሥራ ከዚያ ታገኛለህ።

ልተወው ወይ ላልከው፣ ዛሬ አትወስን። ከአራቱ እሑዶች በኋላ ጸሐፊዋ ወደ ደብተር ብቻ ከተመለሱ ምክንያቱን ጠይቃቸው። «ከደብተሩ ይዘገያል» ካሉህ የሚስተካከል ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ንክኪ እስኪበቃ ድረስ ቁልፎቹን ቀንስ። «ስልክ አልወድም» ካሉህ ደግሞ ሌላ ዕቁብ ውስጥ ፈቃደኛ ጸሐፊ ፈልግ። እዚያም ፈላጊ ከጠፋ ኮዱን እንዴት እንደሚነሣ ከሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ ጋር ጊትሀብ ላይ አስቀምጥ፤ የአባላቱን ስም የያዘውን የመረጃ ፋይል ግን አብረህ አትጫን።