ስልኬ ይሠራል፣ ኮምፒውተሬ ለምን ይቋረጣል?

ጥያቄ፦ በጠረጴዛ ኮምፒውተሬ ውስጥ ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካ የዋይፋይ ካርድ አለ። በአብዛኛው ደህና ይሠራል፤ ነገር ግን ፋይሎች ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ስጀምር ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። አጠገቡ ያለው ስልኬ ግን ምንም አይሆንም። ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) አደስኩ፣ ዊንዶውስንም እንደገና ጫንኩ፤ ለውጥ የለም። ካርዱን ልቀይረው?

መልስ፦ ለጊዜው አይቀይሩት። ዊንዶውስን እንደገና መጫን ለብዙዎች የመጀመሪያው መድኃኒት መሆኑ ሁልጊዜ ያናድደኛል፤ ብዙ ሰዓት ይበላል፣ ስለ በሽታው ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። የእርስዎ ጥያቄ ግን ፍንጩን ይዞ መጥቷል፦ ችግሩ የሚመጣው ዲስኩ ሲሠራ ነው።

ብዙ ውጫዊ ዲስኮች የሚሰኩበት ዩኤስቢ 3.0 መረጃ የሚያስተላልፈው በሰከንድ እስከ 5 ጊጋቢት ነው። በዚህ ፍጥነት የሚሠራ ገመድና መሰኪያ የሬዲዮ ረብሻ ያወጣል፤ ረብሻውም ዋይፋይ የሚጠቀምበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይሸፍናል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንኑ በመለኪያ አሳይቷል። የካርዱ አንቴናዎች ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ከዩኤስቢ መሰኪያዎቹ ጥቂት ጣት ርቀት ላይ ናቸው። ከሚጮህ ሰው አጠገብ ቆሞ ሹክሹክታ ለመስማት እንደ መሞከር ነው። ስልክዎ ከጩኸቱ ራቅ ያለ ነው፤ ምናልባትም በሌላው የዋይፋይ ሞገድ፣ በ5 ጊጋኸርዝ ተገናኝቶ ይሆናል።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። ቅጂውን ይጀምሩ፤ ኔትወርኩ ሲዳከም ቅጂውን አቁመው ዲስኩን በሥርዓቱ ያስወጡና ይንቀሉት። ወዲያው ካገገመ ጥፋተኛው ተገኘ። ብሉቱዝ ማውስ ካለዎት በቅጂው ጊዜ እሱም መንቀጥቀጡን ያስተውሉ፤ የሚሠራው በዚያው ሞገድ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ ካርዱና ራውተሩ የሚችሉ ከሆነ ወደ 5 ጊጋኸርዝ መሻገር ነው። ካርዱ 2.4ን ብቻ የሚያውቅ አሮጌ ከሆነ ዲስኩን ወደ ፊት ለፊት መሰኪያ ያዛውሩ፤ ገመዱንም ረብሻ እንዳያወጣ በጥሩ ሁኔታ በተሸፈነ ይቀይሩ። በማራዘሚያ ሽቦ አንቴናውን ጠረጴዛ ላይ ማውጣት እኔ በጣም የምወደው ዘዴ ነው፤ ከረብሻው ብቻ ሳይሆን ሞገዱን ከሚጋርደው የብረት ሳጥንም ያርቀዋል። አንቴናዎቹ በደንብ ተጠምዝዘው መጥበቃቸውንም ይፈትሹ፤ በእጅ ብቻ፣ ፒንሳ አያስፈልግም።

ዲስኩ ተነቅሎም መቋረጡ ከቀጠለ ዲቫይስ ማኔጀር (የዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር) ውስጥ የካርዱን የኃይል ቁጠባ ምርጫ ያጥፉ። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ካርዱ ራሱ ብቅ ጥልቅ የሚል ከሆነ ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱንም ነቅለው ካርዱን አውጥተው በሌላ ክፍት ማስገቢያ መልሰው ይሰኩት። በሌላ ኮምፒውተር ላይም እንዲሁ ካደረገ ብቻ ለአዲስ ካርድ ገንዘብ ያውጡ።