«አለቃዬ ሴት አትሆንም» ላለኝ ወንድም ምን ልመልስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። በቅርቡ የቡድን መሪ ሆኜ ተመደብኩ። ሰንበት ትምህርት ቤት አብሮኝ ያደገ አንድ ባልደረባዬ ግን በሰው ፊት «ሴት በወንድ ላይ መሠልጠን አይፈቀድላትም፤ ጣና ላይ ያለው ክብራን ገዳም እንኳ አትገቢም» አለኝ። ስለ እኩልነት ሥልጠና ሲሰጠንም «ዛሬ ሴት አለቃ፣ ነገ ደግሞ ጾታ መቀየር ይመጣል» ብሎ ሰው አሳቀ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ «ወልዳ ልትጠፋ ለምን ትሾማለች?» የሚሉም አሉ። ኃላፊነቱን ብቀበል ኃጢአት ይሆንብኛል? ብተወው ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ኃጢአት አይሆንብሽም። እንዳትተዪው።

ወንድማችን ቃሉን ከራሱ አልፈጠረውም። አንደኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 2 ቁጥር 12 ላይ አለ። ግን ትንሽ ከፍ ብሎ ከቁጥር 8 ይጀምር። ሐዋርያው የሚናገረው ስለ ጸሎትና ስለ ጉባኤ ሥርዓት ነው። የደመወዝ ሰነድ ማን ይፈርም የሚል ነገር የለበትም። ቤተ ክርስቲያናችን ክህነትን ለሴት አትሰጥም፤ ይህን አልደብቅሽም። የቡድን መሪነት ግን ክህነት አይደለም። «ባል የሚስት ራስ ነው» የሚለውም ለባልና ለሚስት እንጂ ለሥራ ባልደረባ አልተጻፈም። መሳፍንት ምዕራፍ 4ን ክፈቺ። ዲቦራ እስራኤልን ትፈርድ ነበር። የጦር መሪው ባርቅ አንቺ ካልሄድሽ እኔም አልሄድም ነው ያላት። ወንድማችን ባርቅን ምን ሊለው ነው?

ሩቅም አንሂድ። እዚሁ ጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ነበሩ። ዓይነ ስውር ናቸው። ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተምሩ ነበር። እግራቸው ሥር የተቀመጡት ወንዶች ናቸው፣ መሪጌታ ሆነው የወጡም አሉ። «ቅኔውን ከሴት ተምሯልና አይቆጠርለትም» ያለ ሊቅ እኔ አልሰማሁም።

ክብራንን በተመለከተ፣ አዎ፣ ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ጀልባው ሲጠጋ እናቶች ታች ቀርተው ይሳለማሉ። ይህ መነኮሳቱ ለራሳቸው ያጠሩት አጥር ነው። የሚጠብቀው የእነሱን ምናኔ ነው እንጂ ያንቺን ማነስ አይናገርም። ዘጌ ተሻግረሽ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ትገቢያለሽ፣ ማን ይከለክልሻል? የገዳሙን ሥርዓት ለቢሮው እናድርገው ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱ ቆቡን ይድፋ።

ጣናን ካነሳ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ፣ ወደ ቆራጣ ይሻገር። እዚያ በቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ስም የሚጠራ ገዳም አለ። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ ሹም ነበር። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበል ትዳሯንም ምቾቷንም ትታ ወጣች። ንጉሡ ፊት ቆመች፣ ተጋዘች፣ አልተመለሰችም። በኋላ በጣና ዙሪያ ማኅበራት አቋቁማ መራች። ከማኅበሯ ወንዶች መነኮሳትም ነበሩ፤ ትእዛዟንም ይቀበሉ ነበር። ያረፈችው በ1635 ዓ.ም. ኅዳር 17 ነው። እኛ እየተሳለምናት፣ በገዳሟ ጠበል እየጠጣን፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብተን «ሴት አትመራም» እንላለን። ይገርመኛል።

ጾታ ስለመቀየር የተናገረው ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን በአንድ ገመድ ማሰሩ አላማረኝም። ቤተ ክርስቲያናችን እግዚአብሔር ሰውን ወንድና ሴት አድርጎ እንደ ፈጠረ ታስተምራለች፤ ሰው በገዛ ፈቃዱ ይህን ይለውጥ አትልም። በሌሎች አገሮች ይህን የሚፈቅዱ ሕጎች ወጥተዋል፣ ክርክሩም ገና አልበረደም። የእኛ ትምህርት ግን ይኸው ነው። አንቺ የጠየቅሽው የተሰጠሽን ሥራ ስለመሥራት ነው። ሴት ሆነሽ ተፈጠርሽ፣ ሴት ሆነሽ ትመሪያለሽ። ምኑ ተቀየረ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይከብደኛል። በዚህ ጉዳይ ውስጡ የሚጨነቅ ሰው በመካከላችሁ ቢኖርስ? እሱም ያን ሳቅ ሰምቶ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ሰው የንስሐ አባት አለለት። ሰውን የሻይ ሰዓት መሳቂያ ማድረግ፣ ሲብስም እጅ ማንሳት፣ ከየትኛው ወንጌል እንደተገኘ አላውቅም።

ወንድማችንን መልሰሽ በሰው ፊት አታሳፍሪው። ማቴዎስ 18 ላይ እንደተጻፈው መጀመሪያ አንቺና እሱ ብቻ ሆናችሁ ንገሪው። ቡና ጋብዢው። ካልሰማ ሽማግሌ አለ፤ እሱም ካልሆነ የመሥሪያ ቤቱ ሥርዓት አለ፣ ተጠቀሚበት። በሕግ መብትን መጠየቅ እልኸኝነት አይደለም። ጳውሎስ ራሱ ሮማዊ ነኝ ብሎ ተሟግቷል።

ስለ ወሊዱም አትሸማቀቂ። ፈቃዱ ከነሙሉ ደመወዙ በሕግ የተሰጠሽ ነው፦ ከመውለድሽ በፊት 30 ቀን፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ቀን። ወንድ ከሆነ ክርስትናው በ40 ቀኑ ነው። ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ፤ ሥራ እስክትገቢ 10 ቀን ይተርፍሻል ማለት ነው። ለድግሱ ያንን ወንድማችንንም ጥሪው።