ማዞሪያ ልሥራ ወይስ በስክሪኑ ይበቃል?

ጥያቄ፦ የደሴ ነዋሪ ነኝ። ለቴሌቪዥን መቀበያነት የተሠራውን አርቲኤል የተባለ የዩኤስቢ መሣሪያ፣ አጭር ሞገድን መሣሪያው ወደሚቀበለው ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ ከሚያሸጋግር ሰሌዳና ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ ሬዲዮ ሠርቻለሁ። ጥርት አድርጎ ይቀበላል። ነገር ግን ማታ ማታ ጋቢያቸውን ደርበው ዜና የሚያዳምጡት አባቴ ማውዙ አልሆን ብሏቸው፣ ጣቢያ መቀየር በፈለጉ ቁጥር እኔን ይጠራሉ። እንደ ድሮው ሬዲዮ ማዞሪያ ልግጠምላቸው ብል፣ ወዳጆቼ በሶፍትዌር ለሚሠራ ሬዲዮ ይህ ትርፍ ድካም ነው አሉኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ማዞሪያውን ይሥሩላቸው። በእንዲህ ዓይነቱ ሬዲዮ አብዛኛውን ሥራ የሚያከናውነው ስሌት ስለሆነ፣ ማዞሪያው ከመቀበያው ሰርኪዩት ጋር መያያዝ አያስፈልገውም፤ ለኮምፒውተሩ «ከፍ በል» ወይም «ዝቅ በል» የሚል መልእክት ካደረሰ ይበቃል። ስለዚህ ድካሙ ወዳጆችዎ ካሰቡት በእጅጉ ያነሰ ነው።

የሚያስፈልግዎ ኢንኮደር የሚባለው፣ ገደብ ሳይኖረው የሚዞር አነስተኛ ዕቃ ነው። በውስጡ ያሉት ሁለት መገናኛዎች ሲዞር አንዱ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ ስለሚዘጉ፣ የዙሩ አቅጣጫ የሚታወቀው የትኛው እንደቀደመ በማየት ነው። ኢንኮደሩን አርዱይኖ ሊዮናርዶ ከሚባለው፣ ፕሮግራም ከሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ ጋር ቢያያይዙት፣ ሰሌዳው ለኮምፒውተሩ እንደ ኪቦርድ ሆኖ ስለሚቀርብ፣ የሬዲዮው ሶፍትዌር አቋራጭ ቁልፎችን የሚቀበል እስከሆነ ድረስ ሌላ ነገር አይፈልጉም። መገናኛዎቹ ሲነካኩ ስለሚንቀጠቀጡ አንዱ እርምጃ ሁለት ሦስት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል፤ በፕሮግራሙ ጥቂት ሚሊሰከንድ ማስጠበቅ ይህን ያስቀራል።

ብዙ ሊያስቡበት የሚገባው የእርምጃው መጠን፣ ማለትም ማዞሪያው አንዴ ቀጭ ሲል ፍሪኩዌንሲው የሚለወጥበት ልክ ነው። ርካሹ ኢንኮደር በአንድ ዙር 20 ጊዜ ቀጭ ይላል። የ49 ሜትር ባንድ የሚባለው የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች ክልል ከ5,900 እስከ 6,200 ኪሎኸርዝ ስለሚደርስ፣ አንዱ እርምጃ 10 ኸርዝ ቢሆን ባንዱን ከዳር እስከ ዳር ለማሰስ 1,500 ዙር ያስፈልጋል፤ 5 ኪሎኸርዝ ቢሆን ግን 3 ዙር ይበቃል። የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች የሚደረደሩትም በ5 ኪሎኸርዝ ልዩነት ስለሆነ፣ አባትዎ ቀጭ ባለ ቁጥር ከአንዱ የጣቢያ ቦታ ወደ ሌላው ይሸጋገራሉ። እርስዎ የአማተሮችን (በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎችን) ንግግር ሲያዳምጡ ጥቂት የኸርዝ አሥሮች ስሕተት እንኳ ድምፁን ስለሚያቀጥነው ወይም ስለሚያጎረንነው፣ ማዞሪያው ሲጫን እርምጃው ወደ 10 ኸርዝ እንዲወርድ ያድርጉት።

የድምፅ መጨመሪያውን በሶፍትዌር በኩል አያምጡት። ከላፕቶፑ በሚወጣው መስመር፣ በድምፅ ማጉያው ላይ ተራ ቮሊዩም ይግጠሙ፤ ኮምፒውተሩ ቢጨናነቅ እንኳ ወዲያው ይታዘዛል። ጣቢያ መፈለጊያው ላይ ግን መዘግየት አይቀርም፤ ሶፍትዌሩ ድምፁን ከማሰማቱ በፊት ጥቂት ስለሚያጠራቅም፣ እጅ ጣቢያውን ካለፈ በኋላ ድምፁ ይደርሳል። ክምችቱን ድምፁ መቆራረጥ እስኪጀምር ይቀንሱና አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው ይተዉት።

ስክሪኑን ግን አያስወግዱት። በአንድ ጊዜ መላውን ባንድ አሳይቶ የት ጣቢያ እንዳለ የሚጠቁመው እርሱ ነው፤ ይህን ማንኛውም ማዞሪያ አይተካውም። ማጣሪያውንና አልፎ አልፎ ብቻ የሚነኩትን ሌላውን ሁሉ እዚያው ይተዉት።

በኢንኮደሩ ዘንግ ላይ ለሚሰካው የእጅ መያዣ አዲስ ፕላስቲክ አይግዙ። ከሞተ ሬዲዮ የወለቀ ትልቅና ከበድ ያለ ማዞሪያ ራዲዮ ጠጋኞች ዘንድ ይጠይቁ፤ የብዙ ኢንኮደሮች ዘንግ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ስላለው ልክ የሚሆን አይጠፋም፤ ኢንኮደሩን ይዘው ሄደው እዚያው ይሞክሩት።