ኩሬው ሐምሌን ይችላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። ከቤተሰቦቼ እርሻ በላይ የከተማው ቆሻሻ መድፊያ አለ። አሁን ከሥሩ የሚወጣውን ጥቁር ፍሳሽ የሚያጣራ ኩሬ ሊሠራ ነው ተብሎ ስብሰባ ተጠርተናል። «የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው አልቋል፤ እናንተ አስተያየት ስጡ ብቻ» አሉን። አባቴን የሚያሳስባቸው ከብቶቹ የሚጠጡት ወንዝ ነው። ምን ብለን እንጠይቅ?
(መምህርት ነኝ፤ ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እህቴ፣ አባትዎ ዋናውን ነገር ይዘውታል።

ያንን ፍሳሽ እኛ ሊቼት እንለዋለን። ዝናብ ቆሻሻው ውስጥ ሰርጎ የብስባሹን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። መልኩ የቡና አተላ ነው። ሽታውን አያድርስ! ባለቤቴ ስንት ዓመት ሙሉ ጫማዬን ቤት አላስገባችም።

የግምገማው ሰነድ ቢወፍርም አይፍሩት። የኩሬውን ስፋትና የሐምሌን ዝናብ ፈልጉ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሄክታር ላይ ሲወርድ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። በወር 250 ሚሊ ሜትር ከዘነበ፣ 1 ሄክታር ኩሬ ከሰማይ ብቻ 2,500 ሜትር ኩብ ይቀበላል። ከቆሻሻው የሚወርደው ገና አልተቆጠረም። አንድ ጊዜ የደረሰኝ ሰነድ (የማን እንደሆነ ይቅር) የዓመቱን ዝናብ ለ12 አካፍሎት ነበር። ክረምትን ለ12! በወረቀቱ ላይ ኩሬው ግማሽም አይሞላም። ነሐሴ ላይ ስንሄድ በግንቡ አናት እየፈሰሰ አገኘነው።

ሌላው አሞኒያ ነው፤ ቆሻሻው ሲበሰብስ የሚፈጠርና በፍሳሹ ውስጥ የሚሟሟ መርዛማ ነገር። አየር እየተነፋ በባክቴሪያ የሚሠራ ማጣሪያ ለአዲስ ቆሻሻ ፍሳሽ ጥሩ ነው። ቆሻሻው ሲያረጅ ግን ባክቴሪያው የሚበላው ይቀንሳል፤ አሞኒያው ለአሥርተ ዓመታት ይቀጥላል። ዓሣ ይገድላል። ታዲያ መድፊያው ከተዘጋ በኋላ የማጣሪያውን መብራት ማን ይከፍላል? ይህን ጠይቁ፤ አዳራሹ ጸጥ ይላል።

«ብቻ» ያሉትን አልወደድኩትም። በ1995 የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ጉዳቱ የሚደርስበት ማኅበረሰብ አስተያየት ሰነዱ ውስጥ እንዲካተት ያዛል። ፈቃድም በቅድመ ሁኔታ ሊሰጥ ይችላል። የእናንተ ጉዳይ ያ ቅድመ ሁኔታ ነው።

«አንፈልግም» ብላችሁ ግን አትውጡ። ኩሬው ቢቀርም ፍሳሹ መውረዱን አይተውም። ለአዲስ አበባ ቆሻሻ የተሠራው የሰንዳፋው መድፊያ በ2008 ሥራ ጀምሮ፣ በዚያው ክረምት አርሶ አደሮቹ ስለ ሽታውና ስለ ወንዛቸው ተቃውመው ቆመ። እውነት ነበራቸው። ቆሻሻው ግን ወደ ከተማዋ አሮጌ መድፊያ ወደ ቆሼ ተመለሰ፤ መጋቢት 2009 ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ።

ከስብሰባው በፊት አንድ ሥራ አለባችሁ። ከመድፊያው በላይና በታች የወንዙን ውሃ አስመርምሩ። የዛሬው ካልተመዘገበ፣ ነገ «ድሮም እንዲህ ነበር» ይሏችኋል። ንጹሕ ጠርሙስ ከላቦራቶሪው ተቀበሉ፤ ውሃውን በበረዶ ይዛችሁ በዚያው ቀን አድርሱ። ውጤቱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ አባትዎም ይፈርሙበት።